መርዶውን የተናገሩት እሳቸው ናቸው

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ብርሀንነሽ አባተ
ዕድሜ፦ 57
አድራሻ፦ መካነ ሰላም ከተማ፣ ላይ ሰፈር
ሥራ፦ ጥጥ መፍተል
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
የትምህርት ደረጃ፦ “ያልተማረች” ተብሎ ተጽፎ የነበረው በምስክሯ ጥያቄ ተሰርዞ “ማንበብና መጻፍ ትችላለች” ተብሏል
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ የካቲት 13 ቀን፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ከ20 ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ሁዜይፋ

ወደ ተጠየቅሁበት ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ለማንም ሰው፣ ለንስሐ አባቴም ሆነ ለሟቹ ባለቤቴ ለአቶ ንጉሡ፣ ነግሬው የማላውቀውን ነገር እንዳስቀድም ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። እኔ ማንበብ እችላለሁ። የቻልሁትም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በወላጆቼ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ ከወንድሜ የፊደል ገበታ ጋር እያስተያየሁ፣ ያለ አስተማሪ ነው። ሰፈሩ ግን ፊደል እንደማልለይ አድርጎ ያውቀኛል። ለምን እንደደበቅሁት በቦታው እናገራለሁ።

የተጠራሁት የቅሬያችን ዳኛ አያ አሕመድኑር፣ ባለፈው ቅዳሜ የአገሪቱ መሪ ንግግር ሲተላለፍ ሴቶች ነጠላቸውን እንዲያዘቀዝቁና ሕዝቡ ሜዳውን ጥሎ እንዲሄድ አስቀድመው አሲረዋል ተብለው ስለታሰሩ፣ የማውቀውን እንድመሰክር ነው። አያ አሕመድኑር አላሴሩም። ነጠላዬን ከሁሉም በፊት ያዘቀዘቅሁት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ሰው የለም።

ይህን ጽሑፍ የሚያየው ሰው የአገራችን ሰው ላይሆን ስለሚችል ስለ ቅሬ አስረዳለሁ። ቅሬ ማለት ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳ የሚሸከምበት፣ ለቅሶ የሚቀመጥበት ማኅበራችን ነው። በደንባችን መርዶ ካልተነገረ ለቅሶ አይቀመጥም። መርዶ የሚባለውም በሰው ፊት፣ ለቃሉ ኃላፊ በሆነ ሰው የተነገረ ሲሆን ነው። ወሬ አይቆጠርም። ይህ ደንብ በደኅናው ጊዜ ብዙ ሰው ከሐሰት ለቅሶ አድኗል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን አሰረን። ከላይ ሰፈር ሰባት ልጆች በአንድ መኪና ተጭነው ሄደዋል። ከመስከረም በኋላ የአንዳቸውም ስልክ አልጠራም። የሚነግረን መሥሪያ ቤት የለም። እናቶቹ ሲያለቅሱ “አታሟርቺ፣ ማን ነገረሽ?” ይባላሉ። ተዝካር ማውጣት አይቻልም፣ ሰደቃ ማውጣት አይቻልም። ጦርነቱን የሚወድ ሰው በሰፈራችን አላገኘሁም። ሳጅኑ ይህ ይጻፍ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ይጻፍ ብያለሁ።

ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን ከየቤቱ አንድ ሰው ንግግሩን እንዲሰማ ታዞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከገበያው በታች ባለው ሜዳ ተሰበሰብን። ትልቅ ስክሪን በአይሱዙ መኪና ላይ ቆሞ ነበር። አስተባባሪው ብዙአየሁ የሚባለው የሰፈራችን ልጅ ነው። ማይክሮፎን ይዞ ጭብጨባ አለማመደን። “እሳቸው ዝም ሲሉ ታጨበጭባላችሁ፣ ቀረጻ አለ” አለ። ከኋላዬ አንድ ሰው “ምን እንደሚሉ ሳንሰማ ደስ እንደሚለን በምን አወቅህ?” አለው። ሰው ሳቀ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ “ብዙአየሁ፣ ልምምዱን ጨርሰናል፣ ገበያችንን ልቀቅልን” አለች። ሌላው ደግሞ “ስክሪን እኮ አይሰማም” ሲል ብዙአየሁ “ካሜራው ይሰማል” ብሎ መለሰ።

እኔ የተቀመጥሁት ከጎረቤቴ ከእትዬ ይርገዱ ጎን ነው። ጆሯቸው ስለደከመ የሚባለውን እየደገምሁ እነግራቸው ነበር። ከሰባቱ አንዱ፣ የኋላሸት፣ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

መሪው ሃያ ደቂቃ ያህል ከተናገሩ በኋላ፣ የጎህ ክፍለ ጦር ሦስተኛ ሻለቃ ምሽጉን አልለቅም ብሎ ከአዛዥ እስከ ተራ ወታደር አንድ ሰው ሳይተርፍ ለአገሩ እንደወደቀ፣ ይህም ኩራታችን እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያም ለጭብጨባ ዝም አሉ። ብዙአየሁ እጁን አነሳ። ከፊት ያሉት አጨበጨቡ። እትዬ ይርገዱም ሰው ሲያጨበጭብ አይተው አብረው አጨበጨቡ።

በሜዳው ላይ ከነበረው የላይ ሰፈር ሰው ውስጥ ይህ ሻለቃ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ልጆቹ በስልክ “ደኅና ነን” ከማለት በስተቀር ያሉበትን አይናገሩም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር። በጥምቀት ሰሞን የእትዬ ይርገዱን ግድግዳ ስመርግ ሰባቱ ልጆች አንድ ላይ የተነሡትን ፎቶ ከምስማሩ አውርጄ ነበር። እትዬ ይርገዱ ማንበብ ስለማይችሉ ገልብጠው ባላዩት ጀርባው ላይ የኋላሸት በእጁ “ሁላችንም አንድ ላይ ነን፣ ጎህ ክ/ጦር 3ኛ ሻለቃ” ብሎ ጽፏል። አንብቤ መልሼ ሰቀልሁት። እንዳነበብሁ ለማንም አልተናገርሁም።

ያን ጊዜ በሜዳው ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። አንብቤ ዝም ማለትን ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ፣ የሃያ ዓመት ሴት ሳለሁ፣ የእትዬ ይርገዱ ባለቤት አቶ ዋለ ልጃቸውን ከብሔራዊ ውትድርና አሸሽተዋል ተብለው ተከሰሱ። አንድ ሰው የተጻፈ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣና “ጣትሽን ብቻ” አለኝ። ወረቀቱን ሲዘረጋው አነበብሁት። ዋለ መልማዮቹን በጠብመንጃ አስፈራርቷል፣ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። አቶ ዋለ በዚያ ቀን በእጃቸው ዱላ እንኳ አልያዙም፤ በሬ ፈትተው እየገቡ ነበር። የባለቤቴ ስም በዚያው የምልመላ ዝርዝር ላይ ስለነበረ ፈራሁ። ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁ። አቶ ዋለ ደሴ ተወስደው በሦስተኛው ወር እስር ቤት ሞቱ። ሰው ሲጠይቀኝ “የተጻፈውን በምን አውቄ” አልሁ። ሁሉም አመነኝ። እትዬ ይርገዱ ራሳቸው “አንቺ ምን ታደርጊ፣ ፊደል አታውቂ” ብለው አቅፈውኝ አልቅሰዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ታናሽ እኅት አድርገው ይዘውኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮም ፊደል አላውቅም። መጽሐፌን ከጥጡ ሥር ደብቄ ሳነብ ኖሬአለሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት የእትዬ ይርገዱን ሁለት እጆች ያዝሁ።

“ያጨበጭባል እኮ ሰዉ” አሉኝ።

“አንቱ አያጨብጭቡ እትዬ። የኋላሸት ነው።”

“ምን ሆነ?”

“ወድቋል። ሰባቱም ወድቀዋል።”

“ማን አለ?”

“እሳቸው አሉ” ብዬ ወደ ስክሪኑ አመለከትሁ። ከዚያ ተነሥቼ ነጠላዬን ገለበጥሁና ጥለቱን ወደ አንገቴ አደረግሁት። እትዬ ይርገዱ ፊቴን ለአፍታ አይተው እሳቸውም አዘቀዘቁ። ከፊታችን የነበሩት የልጆቹ እናቶች ዞረው አዩን። አንዷ “የማን ናቸው?” ብላ ጠየቀች፤ “የሁላችን” አልኋት። አንዳቸውም አልጮኹም። ክርስቲያኗም እስላሟም እየተነሣች ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ልጅ ያልላኩትም አዘቀዘቁ። ጭብጨባው ከኋላ ወደ ፊት እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

በዚህ ጊዜ አያ አሕመድኑር የት ነበሩ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ በሜዳው ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ግንባራቸውን በምርኩዛቸው ላይ አስደግፈው ተኝተው ነበር። የቅሬው ለፋፊ ረመዳን ትከሻቸውን ሲወዘውዛቸው አይቻለሁ። “ምነው፣ አለቀ እንዴ?” ሲሉም ሰምቻለሁ። ያሴረ ሰው በሴራው ሰዓት አይተኛም።

ተነሥተው ወደ እኛ መጡ። በሰው ሁሉ ፊት የዳኛ ጥያቄ ጠየቁኝ።

“ብርሀንነሽ፣ ወሬ ነው መርዶ ነው?”

“መርዶ ነው አያ።”

“ማን ተናገረ?”

“የአገሩ መሪ።”

“በሰው ፊት?”

“በአገር ፊት። አሁንም ቆመዋል፣ ይዩዋቸው።”

“የኛ ልጆች መሆናቸውን በምን አወቅሽ?”

“ከፎቶው ጀርባ ተጽፏል።” ማን አነበበልሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

አያ አሕመድኑር ወደ ስክሪኑ ትንሽ አዩና “ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከዚህ የሚበልጥ ኃላፊ ከየት ይመጣል? መርዶው ተነግሯል። ቅሬ ይቀመጥ” አሉ። አዘዙ የተባለው ይህ ነው። ከነጠላው በኋላ የተነገረ እንጂ በፊት የተነገረ አይደለም።

ረመዳን ስሞቹን ለመጥራት ማይክሮፎኑን ጠየቀ። ብዙአየሁ “አይሆንም፣ የመንግሥት ነው” አለው። ረመዳን “አንተም እኮ የቅሬው አባል ነህ። ስትሞት ማን ሊሸከምህ ነው፣ ካሜራው?” አለው። ብዙአየሁ አንድ ጊዜ ሴቶቹን አየና ሰጠው። ረመዳን ሰባቱን ስም ከነአባታቸው ጠራ። ሲጨርስ ብዙአየሁም እንደ ሐዘንተኛ ራሱን ሸፍኖ ቆሞ ነበር።

ሰዉ ሜዳውን ለቅቆ ወጣ። ማንም ማንንም አልገፋም። ገበያተኛው እህሉን ወደ ስልቻው መለሰ፣ ሽንኩርት ሻጯ ጆንያዋን አሰረች። በስተመጨረሻ ካሜራውን የያዘው ሰው ብቻውን ቀረ። የቅሬው ድንኳን ከሜዳው በላይ ስለተተከለ መሪው የቀረውን ንግግር ለባዶ ሜዳ ሲናገሩ ይሰማን ነበር። ለጭብጨባ ዝም ባሉ ቁጥር የሚሰማው የእኛ ለቅሶ ነበር። ቄሶቹም ሸሆቹም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሦስት ቀን አለቀስን። አምስት ወር በየጓዳው ሲታፈን የከረመው እንባ በአደባባይ ወጣ። እናቶቹ ልጆቻቸውን በስማቸው እየጠሩ አለቀሱ፤ “አታሟርቺ” የሚላቸው አልነበረም። ሐዘን መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሰፈሬን ሰው እንደዚያ ቀን አንገቱን ቀና አድርጎ ሲሄድ አላየሁም።

አያ አሕመድኑር የተያዙት ማክሰኞ ነው። በማግሥቱ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ስሙን ያልነገረኝ፣ ከላይ ተልኬ ነው የመጣሁት ያለ ሰው ቤቴ መጥቶ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። አያ አሕመድኑር ዓርብ ዕለት ሴቶችን ቤታቸው ሰብስበው ነጠላ እንድናዘቀዝቅ አዘዙን ይላል። የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ “እማማ፣ አሻራ ብቻ ነው፣ እኔ አነብልዎታለሁ” አለኝና ወረቀቱ በእጄ እንዳለ አሻግሮ እያየ፣ አያ አሕመድኑር አዘዙ የሚለውን ዘልሎ ሌላ ነገር አነበበልኝ። የተጻፈውንና ያነበበልኝን እያስተያየሁ እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ከዚያ “ልጄ፣ አራተኛው መስመር ላይ የዘለልኸው አለ” አልሁት። ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ቢዘረጋም አልሰጠሁትም። ዛሬ ጧት ራሴ ይዤ መጥቼ ለሳጅን ሁዜይፋ አስረክቤያለሁ፤ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። ሳጅኑ አንብቦ “እማማ ብርሀንነሽ፣ ክሱ ሊቆም የነበረው በዚች ላይ ነው” ብሎኛል። “እንግዲያው እንደ አዲስ ጻፍ፣ እኔ እየተናገርሁ” ብዬው ይህ ቃል ተጽፏል።

ቃሌን በመስጠት ላይ ሳለሁ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ሳጅኑ ወደ ኃላፊው ክፍል ገብቶ ተመለሰ፤ አያ አሕመድኑርም በመታወቂያ ዋስ ተለቀቁ። ከእስር ክፍሉ ሲወጡ በመስኮቱ አይቻቸዋለሁ። ግቢውን የሞላው የቅሬ ሰው ሲነሣላቸው “ተቀመጡ፣ አልሞትሁም” አሉ፤ ሳቅ ሆነ። ማንበቤን ከሳጅኑ የሰሙት፣ ለምስክርነት የተጠሩት አሥራ ዘጠኝ ሴቶችም ብርሀንነሽ ካላነበበችልን አሻራ አንሰጥም ብለዋል። ሳጅኑ “ሥራ አገኙ እማማ” አለኝ። እኔም መነጽር የሚያውሰኝ ካለ እስከ ማታ አነባለሁ ብያለሁ።

ይህን ቃል ሰው አላነበበልኝም፤ ራሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ሁለት ቦታ አሳርሜያለሁ። ስለ አያ አሕመድኑር የተጻፈው እውነት ነው፣ ስለ አቶ ዋለ የተጻፈውም እውነት ነው፤ በሁለቱም እጠየቃለሁ። ሳጅኑ ለአሻራ ያቀረበልኝን የቀለም ሳጥን መልሼ እስክርቢቶ ተቀብያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ብርሀንነሽ አባተ (በእጇ የተጻፈ)
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን ሁዜይፋ

ግልባጭ፦
ለምርመራ መዝገቡ
ለዐቃቤ ሕግ
ለወ/ሮ ይርገዱ፣ የአቶ ዋለ ባለቤት፤ በግቢው ውስጥ ስለሚገኙ ምስክሯ ራሷ በእጇ ሰጥታ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ታነብላቸዋለች።