ወደ ቀጥቃጩ ቤት የሄደ ቃሬዛ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ረፋዱ ላይ፣ በፃግብጂ ወረዳ ከአንዲት መንደር ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው ዳገት ሥር ሦስት ሰዎች ተገናኙ። አንደኛው የመንደሩ ቃሬዛ ማኅበር አለቃ፣ «ሙሴ» የሚባሉት አቶ ምንዋጋው ናቸው፤ የተሳሉትን አዲስ ጃንጥላ ለሚካኤል ሊያስገቡ ይሄዱ ነበር። ሁለተኛው ጎረቤታቸው ብርሃን ነው። ሦስተኛዋ ከላይ እየሮጠች የወረደችው የጤና ሠራተኛዋ ትግስት ነበረች።

«አያ ምንዋጋው፣ እንኳን አገኘሁዎት! የየኔሰው ሚስት ይታየሽ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ሕፃኑ በጎን መጥቷል፤ በእኔ እጅ አይሆንም። አምቡላንሱ ከወንዙ ማዶ መኪና መንገዱ ላይ ይጠብቀናል። ቃሬዛውን ያስነሡልኝ።»

ብርሃን ሣቀ። «የቀጥቃጩ ሚስት? ለእነሱ ደግሞ ቃሬዛ ምን ያደርጋል? ጅብ ይጋልቡ የለም እንዴ!»

አቶ ምንዋጋው አልሣቁም። ቃሬዛው ከደጀ ሰላሙ ተሰቅሎ ይኖራል፤ የፊቱን እንጨት ሙሴው ቀድሞ ካልነካ ማንም አያነሣውም። ቡዳ ናቸው ወደሚባሉት ወደ ቀጥቃጮቹ ቤት ግን ቃሬዛው ገብቶ አያውቅም።

«ልጄ፣ ጨክኜ አይደለም» አሉ። «ባነሣው ማን ከእኔ ጋር ወንፈል ይገባል? ማሽላዬ ደርሷል፤ ልጄ ሙሉሰው ሳውዲ ነው፤ ብቻዬን አልወጣውም። ዓይናቸውንም እፈራለሁ፤ አልዋሽሽም።»

«ማረሻዎን የሚሠራልዎት ማነው?»

«የኔሰው ነው።»

«በእሱ ማረሻ የታረሰውን ሲበሉ ምን ነካዎት?»

«እሱ ሌላ ነው…»

«እሺ፣ የሙሉሰው ስልክ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ እኔ ዘንድ እየመጡ ያስደውሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ምን ብለው ተሳሉ?»

አቶ ምንዋጋው ስእለታቸው ትዝ አላቸው። «ጌታዬ፣ የልጄን ድምፅ ብቻ አሰማኝ፤ ያዘዝከኝን እንቢ አልልም» ነበር ያሉት።

«ይኸው ጃንጥላውን ይዤ የለም?»

«ጃንጥላ ማን አዘዘዎት? እሱን ራስዎ ነዎት የመረጡት። እግዚአብሔር ያዘዘዎት እዚያ ጎጆ ውስጥ እያቃሰተች ነው።»

«የእሱ ትእዛዝ መሆኑን በምን ዐውቃለሁ?»

«ቄሱ የታመመ ጠይቁ ሲሉ፣ ከቀጥቃጭ በቀር ብለው ያውቃሉ?»

«ብፈራስ?»

«ይፍሩ! እየፈሩ ይታዘዙ እንጂ። የቀረውን ለእሱ ይተዉለት።»

ሰው ሲሳል የሚቀለውንና ጎረቤት የሚያመሰግንበትን ይመርጣል። የሚያስፈራው ትእዛዝ የመጣ ጊዜ ግን የእግዚአብሔር አይመስለውም። አቶ ምንዋጋውም ቆመው ብዙ አሰቡ፤ ያለ አጫጅ የሚረግፈው ማሽላ በዓይናቸው ላይ ሄደ። በመጨረሻ ዳገቱን ወጡ። በበዓሉ ሰው ሁሉ ፊት «በስምህ» ብለው የፊቱን እንጨት ነኩ።

«ምንዋጋው! ዳግመኛ በደጄ እንዳታልፍ!» አለ አብሮ ዳገቱን የወጣው ብርሃን።

ከትግስት በቀር የተከተላቸው ሰው አልነበረም። ከቀጥቃጩ ቤት ደርሰው ይታየሽን ቃሬዛው ላይ አስተኟት። የኔሰው ሁለቱን የፊት እንጨቶች በሁለት ትከሻው ተሸከመ፤ እሳቸውና ትግስት ከኋላ ገቡ። ጃንጥላውን ከእንጨቱ ጋር አሥረው የይታየሽን ፊት ከፀሐይ ጋረዱላት። ቁልቁለቱ ላይ ይታየሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲሸሹት የኖሩት ዓይን፣ እንባ ያቀረረ የፈራች ሴት ዓይን ነበር።

አምቡላንሱ ባደረሳት በሰቆጣ ሆስፒታል ይታየሽ በቀዶ ሕክምና ተረፈች። ሕፃኑ ግን ሞቶ ወጣ።

«ቃሬዛው ለቀጥቃጭም የሚነሣ ቢሆን የኔሰው ትናንት ይጠራን ነበር፤ ሁለቱም ይኖሩ ነበር» አለች ትግስት ቀስ ብላ።

አቶ ምንዋጋው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ስጠራ እኔ እከራከር ነበር» አሉ። «ከእንግዲህስ የማን ቤት ነው ብዬ አልጠይቅም። ቃሬዛው በጊዜ ከተነሣ እናትም ልጅም ይመለሳሉ። ቀጥቃጭም ትከሻ አለው፤ ማኅበሩ ውስጥ ይግባ፤ ለሁላችንም ሸክሙ ይቀላል።»

በዚያ ዓመት ወንፈል የገባላቸው አልነበረም። ማሽላቸውን ከየኔሰው ጋር ሁለት ሆነው አጨዱ፤ ግማሹ ግን ረግፎ ቀረ። በዐቢይ ጾም የብርሃን ምራት ምጥ ጠናባት። አቶ ምንዋጋውና የኔሰው ቃሬዛውን ይዘው ደጁ ደረሱ። ብርሃን ወጥቶ የኋላውን እንጨት ያዘ።