ቃሬዛው ሲያልፍ

ዘመሮ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን። አንዲት የምክር ቤት አባል የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩን፣ «በገጠር እናቶች በምጥ ተይዘው መንገድ ላይ እየቀሩ ነው፤ ምን ታስቧል?» ብለው ሲጠይቁ፣ «የኛው ጥያቄ! ጸጥ በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ሚኒስትሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊመልሱ ሲሉ ከውጭ «ቃሬዛ! ቃሬዛ!» ተባለ። ምጥ የጠናባት ሴት ይዘው መጡ። በኛ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። ልቤን ቴሌቪዥኑ ላይ ትቼ ተነሳሁ።

እየተፈራረቅን ተሸክመን፣ ጤና ጣቢያ ለነርሷ አስረክበናት ስንመለስ ቴሌቪዥኑ ዘፈን ይዟል። «ሚኒስትሩ ምን መለሱ?» አልኳት ባለሻይ ቤቷን።

«እኔስ ከናንተው ጋር አልነበርኩም?» አለችኝ።

አብረውን የተሸከሙ አንድ ሽማግሌ ትከሻቸውን እያሹ፣ «እኛ ጥያቄውን ተሸክመን ስንሄድ፣ መልሱን ወንበሮቹ ሰሙት» አሉ።