ለዋሱ ሊመለስ የነበረው ሰው

አቶ ከበበው ያን ሰሞን ግራ ገብቷቸው ነበር። መሬት ተወረሰ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ አሁን ደግሞ የሠራተኛ አዋጅ ወጣ ተባለ። አዋጁ በሬዲዮ ሲነበብ የላፍቶው ወፍጯቸው ያጓራ ስለ ነበር የሰሙት ግማሹን ብቻ ነው።

እንዲህ ሲወዛገቡ የወፍጮው ሠራተኛ ቡዜ ድንጋዩን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ እጁን ያዘው። አቶ ከበበውም «የጥንቱ ደንብ ይሻለኛል» ብለው፣ እጁ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሰው አስከትለው፣ ሲቀጠር ዋስ ወደሆኑት ወደ አቶ ዋቅጅራ ቤት አዘገሙ። በዋስ የመጣ ሠራተኛ ለዋሱ ይመለሳል፤ አባታቸውም ሲያደርጉ ያዩት ይህንኑ ነው። ቡዜ የልጆቹን ነገር እያሰበ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል።

መንገድ ላይ የጎረቤታቸው ልጅ ውዳሴ አገኘቻቸው። ተምራ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የገባች ልጅ ናት።

«ጋሼ ከበበው፣ እንደምን አረፈዱ? ቡዜን ይዘው ወዴት ነው?»

«ለዋሱ ላስረክበው ነው፣ ልጄ። በአንድ እጅ ምን ይሠራልኛል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ቀርቷል። ሥራ ላይ የተጎዳን ሰው አሠሪው ያሳክመዋል እንጂ አያባርረውም።»

«ታዲያ ወፍጮው የቡዜ ሆነ በይኛ!»

«ኧረ የእርስዎ ነው።»

«የእኔ ከሆነ ማሰናበት እንዴት ያቅተኛል? እኔ ነኝ እሱን የቀጠርኩት ወይስ እሱ እኔን?»

ውዳሴ ሳቋን ዋጠች። ሰውየው ግን የምራቸውን ነበር።

«ጋሼ፣ ቡዜ እጁን ለምን ከተተ?»

«ቺንጋው ሲንሸራተት ሊመልሰው...»

«እሱን ዛሬ ቢያባርሩ፣ ነገ የሚቀጥሩት ሰው ለወፍጮዎ ይቆረቆራል? ዳር ቆሞ ያያል እንጂ!»

አቶ ከበበው ዞር ብለው የቡዜን እጅ አዩ። ቺንጋው ሲንሸራተት «ያዘው! ያዘው!» ብለው የጮኹት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። አፈሩ።

ሆኖም መንገዳቸውን ቀጠሉ። አቶ ዋቅጅራ ሁለቱን ደጃፋቸው ላይ ሲያዩ ደነገጡ።

«ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። የመጣሁት ዋስነትዎን ላወርድልዎ ነው።»

«ታዲያ ዋሱ ማን ሊሆን ነው?»

አቶ ከበበው ግራ ቀኝ አዩ። አሠሪ ለገዛ ሠራተኛው ዋስ ሲሆን ሰምተው አያውቁም።

«እኔ ልሁና!» አሉ።

ቡዜ ታክሞ ተመለሰ፤ ቺንጋውም መከለያ ተሠራለት። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ወፍጮ ቤት ጥሎ የሄደ ሠራተኛ የለም፤ ሥራውም ተስተጓጉሎ አያውቅም። ውዳሴ ደጋግማ ብታስረዳቸውም አዋጁ ለአቶ ከበበው እስከ መጨረሻው በቅጡ አልገባቸውም። ብቻ ሞተሩ ባጓራ ቁጥር ከበር ሆነው «ተወው! እጅህን ጠብቅ!» እያሉ ይጮኻሉ።