ቆጣሪውን የሚጥለው ማን ነው?

(ቀትር ላይ፣ ፀጉር ቤት፣ ብየዳ ቤትና አከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ፤ አከራዩ ጋሽ አጥላው የረድኤትን እናት ፀጉር ቤት መስመር ሊቆርጡ ፒንሳ ይዘው መሰላል ላይ ወጥተዋል።)

ረድኤት፦ ጋሽ አጥላው፣ ያን ሽቦ ከነኩት እጮሃለሁ!

ጋሽ አጥላው፦ ጩኺ! በሳምንት ስድስት ጊዜ ቆጣሪው ጣለ፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ሁሉ ሸተተ። የእናትሽ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ነው የሚጥለው!

ረድኤት፦ በምን አወቁ?

ጋሽ አጥላው፦ በጣለ ቁጥር ካስኩ እየሠራ ነዋ!

ረድኤት፦ ካስኩማ ጠዋት ተሰክቶ ማታ ነው የሚነቀለው! ሬዲዮውም እየዘፈነ ነበር፣ እሱን ለምን አይከሱትም?

ጋሽ አጥላው፦ ምላስሽ! እናትሽን ጥሪያት።

ረድኤት፦ ሙሽራ እየሠራች ነው። መስመሩ ከተቆረጠ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለንም፣ ገባዎት? ይኸው ደብተሬ! ካስክ መቼ ተሰካ፣ በያጁ ቢራቱ መቼ በየደ፣ ቆጣሪው መቼ ጣለ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሰዓት በሰዓቱ ጽፌዋለሁ።

ጋሽ አጥላው፦ ማትሪክ የወደቀች ልጅ መሐንዲስ ሆነችልኝ!

ረድኤት፦ ብወድቅም ሰዓት ማየት አልጠፋኝም! ማክሰኞ ካስኩ ተበላሽቶ ነበር፣ ጣለ። ሐሙስ ቢራቱ ለቅሶ ሄዶ ነበር፣ ጣለ። ቅዳሜ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ሠሩ፣ ንክች አላለም!

ጋሽ አጥላው፦ ቅዳሜ እኛ ሰርግ ሄደን አልነበር እንዴ?

ረድኤት፦ እኔስ ምን እያልኩ ነው? እርሶ ሲኖሩ ብቻ ነው የሚጥለው! የደብተሬን አራተኛ ረድፍ ይዩት፤ የሻወር ማሞቂያዎ።

ጋሽ አጥላው፦ እሱንማ መብራት ሲመለስ ነው የምናበራው፣ ውኃው ይቀዘቅዛላ።

ረድኤት፦ ኧረ ባክዎ! ቀይ መብራቷ በመስኮታችን ትታየኛለች። መጀመሪያ ማሞቂያው ይበራል፣ ከዚያ በአምስት በስድስት ደቂቃ ቆጣሪው ይጥላል። ስድስቱንም ቀን! አንዴ እንኳ ተገላብጦ አያውቅም።

ጋሽ አጥላው፦ አጋጣሚ ነው።

ረድኤት፦ አጋጣሚ? ይውረዱና አብረን እንየው! ያቻት ቀይዋ፣ ባለቤትዎ እትዬ ዘነቡ ማሞቂያውን አሁን አበሩት። ካስኩን ነቅዬዋለሁ፤ ሙሽሪት ፀጉሯ እንደረጠበ ተቀምጣለች። ቢራቱም ምሳ ወጥቷል።

ጋሽ አጥላው፦ ወረድኩ። ካልጣለ ግን እቆርጠዋለሁ!

ረድኤት፦ ይቁረጡ!

ጋሽ አጥላው፦ አራት ደቂቃ ሞላ። የታል?

ረድኤት፦ ይጠብቁ።

ጋሽ አጥላው፦ ይኸው አምስት! መሰላሌን አምጪ... ውይ! ቀይዋ ጠፋች፣ ቆጣሪው ጣለ!

ረድኤት፦ ፒንሳውን ያቀብሉኝ፣ መሰላሉን እርሶ ይያዙልኝ፤ የማሞቂያዎን ሽቦ እኔ እቆርጠዋለሁ።