ለሁሉም የተላለፈው ማስጠንቀቂያ

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንድ ወጣት ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ትውስታዬን ብዙ ስለማላምነው፣ ንግግራቸው ቃል በቃል ይህ ነበር ብዬ አልምልም።

«አያ፣ ምነው ስልኩን እንዲህ ጨብጠው ያዙት?»

«የሟቹ ልጄ ፎቶ ነበረበት። እሑድ አርባው ነው፤ እናቱ ምን ይዛ ታልቅስ? ከተማ ፎቶውን መልሶ የሚያወጣልኝ ሰው ባገኝ ብዬ ነው።»

«ምን ሆኖ ጠፋ?»

«ራሴ አጠፋሁት። ‹በፎቶ የሚገባ ቫይረስ መጥቷል፤ ያላችሁን ሁሉ አጥፉ፣ ለወዳጅ ዘመድም አስተላልፉ› የሚል መልእክት ደረሰኝ።»

«ይህንን አመኑት?»

«የላኩልኝ የነፍስ አባቴ ናቸው። የነፍስ አባት ቃል ይመረመራል?»

«እርሳቸውንም ሰው አስፈራርቷቸው ነው። የሚያሰጋው የማያውቁትን ፋይል መክፈት ነው እንጂ፣ የገዛ ልጅ ፎቶ ምን ያደርጋል?»

«እንግዲያ የፎቶው ሌባ እኔው ነኛ!»

«ቆይ፣ ሌላ ሰው ጋ አይገኝም?»

«እህቱ ጋ ነበር።»

«ታዲያ እሷ ትላክልዎ!»

«መልእክቱን ለእሷም አስተላለፍሁላት። ሸጋ ልጅ ናት፤ የአባቷን ቃል አትመረምርም።»

ያ መልእክት ለእኔም ደርሶኝ ነበርና፣ ዓይኔን ጨፍኜ የሟች ባለቤቴን ፊት ለማስታወስ ሞከርሁ።