የሚሰነጠቀው ድምፅ ብልሽት አይደለም

ክቡር የቦርዱ ሊቀመንበር፣ ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ የተከበራችሁ የየክፍሉ ኃላፊዎች፣ የድምፅ ባለሙያዎችና ሙዚቀኞች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሬዲዮ ጣቢያችንን የሙዚቃ ክፍል ስመራ ብዙ ታግሣችሁኛል። ዛሬም ጥቂት ታገሡኝ፤ የመጣሁት ተቆጥቼ ነውና።

በስንብት ቀን መቆጣት ደንብ አለመሆኑ አይጠፋኝም። ባለቤቴም ከቤት ስወጣ፣ «አደራህን፣ አመስግነህ ብቻ ውረድ» ብላኛለች። ይኸው አመስግኛለሁ። አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ስቱዲዮ ሁለት ጥግ ላይ ያለውን የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ያን አምፕሊፋየር፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጨርቁ ተልጧል፤ እንደ ሻንጣ እጀታ አለው፤ የሚሠራውም አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ነው። ባለፈው ሳምንት የንብረት አጣሪ ኮሚቴው መረመረው። ለዜና አንባቢ ድምፅ ጥራት የምንጠቀምበትን መለኪያ አምጥተው ለኩትና፣ ከፍ ሲል ድምፁ ስለሚሰነጠቅ ተበላሽቷል፣ ይወገድ ብለው ወሰኑ። ሰኞ ከተሰባበሩት ወንበሮች ጋር ተጭኖ ሊሄድ ነው።

ክቡራን፣ መሰነጠቁ እኮ ነው ሥራው።

ያን ብሉዝ የሚሉትን የጥቁር አሜሪካውያን የድሮ እንጉርጉሮ ድምፅ ከየት የምናመጣው ይመስላችኋል? መጀመሪያ ቱቦዎቹ በደንብ እስኪግሉ እንጠብቃለን። አምፕሊፋየሩን መሰንጠቅ እስኪጀምር ከፍ እናደርግና ድምፁን ከጊታሩ ላይ መልሰን እንቀንሳለን። ማይክሮፎኑን ከስፒከሩ መሐል ሸሸት አድርገን ወደ ጠርዙ እናስጠጋለን። የቀረው የጣት ነገር ነው። በስሱ ሲነኩት ጥርት ይላል፤ ጠንከር ሲሉበት ይጎረንናል። ብሉዝ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። ኮሚቴያችን እዚያች ቦታ ድረስ ሄዶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ ብልሽት ብሏት ተመለሰ።

በምትኩ የመጣችውን ትንሽ ዲጂታል ሣጥን አይቻታለሁ። «የድሮ ብሉዝ» የሚል ቁልፍ አላት። ሲጫኑት ብሉዝ ይወጣል ተብሏል። እንዲሞክራት ጊታር ተጫዋቻችን፣ ዝግታው ስሙን ያስረሳን ጋሽ ቀስታ ተጠራ። እዚያ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ አትደበቅ ጋሼ፣ አይተንሃል። ጊታሩን ሰክቶባት ክሩን በስሱ ነካው፤ ጎረነነች። በኃይል መታው፤ ያንኑ ያህል ጎረነነች። ሣጥኗን ያመጣው ወጣት ባለሙያ በኩራት፣ እንዴት አገኘሃት ብሎ ጠየቀው።

«ልጄ፣ ብለምናትም ብቆጣትም መልሷ አንድ ነው፤ ከአለቃ ጋር የማወራ መሰለኝ» አለ።

አጠገቡ የቆምኩት አለቃ እኔ ነበርኩ፤ ስቄያለሁ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን አላሳቀኝም። አምፕሊፋየሩ ከተጣለ ዳግመኛ ስቱዲዮ እንደማይገባ ነገረኝ። ትለምዳታለህ ብዬ ላባብለው ሞከርኩ።

«በዚህ ዕድሜዬ ጣቴን የማይሰማ ነገር ምን ብዬ ልልመድ?» አለኝ።

ጥያቄውን ለእናንተ ይዤ መጣሁ። መልስ አላችሁ? የሰው ልጅ ዕድሜ ልኩን የገራው ጣት በተሳሳተ መለኪያ ከቤታችን ይውጣ የተባለው በየትኛው ስብሰባ ነው? ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ጊታር አቅፎ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ?

እንዲወገድ እንድስማማ ተጠየቅሁ፤ እምቢ አልኩ። የሥራ ሰዓት እስኪያበቃ የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝና፣ አምፕሊፋየሩ ወደዚህ አዳራሽ እንዲመጣ አዘዝሁ። ከዚህ መጋረጃ ጀርባ ነው፤ ቱቦዎቹ እንዲግሉ ንግግሬን ስጀምር በርቷል። ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ጋሽ ቀስታ አንድ ዜማ ይጫወትልዎ። ከዚያ በኋላም ይወገድ ካሉ፣ እየተጫወተ ሳለ ማብሪያ ማጥፊያውን በገዛ እጅዎ ያጥፉት። ያን ጊዜ እኔም አፌን ይዤ እሄዳለሁ።

ስለ ፍቅራችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራችሁ ይቃና፤ ቤታችሁ ይሙቅ፤ ጆሯችሁ አይድከም። ለተተኪዬ መልካም የሥራ ዘመን፣ ለጣቢያችንም ረጅም ዕድሜና ስኬት ከልብ እመኛለሁ።

ጋሼ፣ መድረኩ ያንተ ነው።