ጣና ውስጥ የቀረው ጋቢ

ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ጡረታ የወጡትን አባቴን ጣና ዳር ይዣቸው ሄድሁ። የሚከራዩትን የፕላስቲክ ጀልባዎች ሲያዩ፣ «እስቲ እኛም እንቅዘፍ» አሉኝ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰን ገባን። አባባ ግን በረዳቸውና ሟች እናቴ የፈተለችውን ጋቢ ከላይ ደረቡበት።

ጥቂት እንደቀዘፍን አንድ የሞተር ጀልባ አልፎን ሲሄድ፣ ያስነሣው ማዕበል ገለበጠን። ውኃው እንደ በረዶ ነው። ቀና ስል ጋቢው ውኃ ጠጥቶ አባባን ወደ ታች ይጎትታቸዋል፤ እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል።

«አባባ፣ ይልቀቁት!» ብዬ ጮህሁ። አልለቀቁትም። አገጫቸው ውኃ ውስጥ ገባ። ዋኝቼ ደረስሁና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቅሁ። ጋቢው ሰመጠ። የተገለበጠውን ጀልባ ተደግፈን፣ በእግራችን ውኃውን እየገፋን ዳር ደረስን።

ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ስንንቀጠቀጥ ዝም ማለት አልቻልሁም። «ለእማዬ ጋቢ ብለው ሊሞቱ ነበር?» አልኋቸው። እንባዬ መጣ።

«ምን ጋቢ ትለኛለህ!» አሉ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «ጣቴ በብርድ ደርቆ አልዘረጋ ብሎኝ እንጂ! እናትህማ ብትኖር፣ መጀመሪያውኑ እዚያ ጀልባ ላይ መች ታስወጣኝ ነበር?»